ሰይፉ የሚሰበረው የት ጋ ነው?

ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈ አንድ ጥያቄ ከሥሩ ከተጻፉት ምላሾች ጋር አነበብኩ፤ እንዲህ ያለው የጥያቄና የምላሽ ሰንሰለት ክር ይባላል። ጠያቂው የባህር ዳር ልጅ ነው። የአኒሜና የጌም ወዳጆች ሐይቁ ዳር ባለ አንድ አዳራሽ ሊሰባሰቡ ነው። እሱም ከሚወደው ጌም አንዱን ገጸ ባሕርይ መስሎ መሄድ አምሮታል። ኮስፕሌይ የሚባለው ነገር ነው። ልብሱ አላሳሰበውም፤ እህቱ ስፌት ትችላለች። ያሳሰበው ሰይፉ ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ ስፋቱ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሰይፍ ነው። መጀመሪያ በካርቶን ሠራው። ቤት ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆመለት። ግቢ ይዞት ሲወጣ ግን ከእጀታው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ስለቱ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ እጥፍ ብሎ ቀረ። ጥያቄው እንግዲህ ቀኑን ሙሉ የሚያዝ፣ በባጃጅ የሚጓዝ፣ ሰው ፎቶ ሊነሳበት ሲቀባበለው የማይሰበር ሰይፍ ከምን ቢሠራ ይሻላል የሚል ነው።

ሠላሳ ስድስት ምላሽ ተጽፎለታል። አብዛኛው የሚያወራው ስለ ዕቃ ጥንካሬ ነው። እኔ ሳነበው የታየኝ ሌላ ነው። ሰይፉን የጣለው የካርቶኑ ድካም ብቻ አይደለም። የተሰበረው ስለቱና እጀታው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ልጁ ራሱ ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል፤ ልብ ብሎ ያነበበለት ግን ጥቂት ሰው ነው።

1ኛው ምላሽ ሰላምታና ማበረታቻ የበዛበት ነው። በ4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሠራ ይላል። 2ኛው ተስማማና እንጨት ቤት ወስዶ በማሽን ማስቆረጥ እንደሚቻል ጨመረ። 3ኛው በያጅ ነው። አጻጻፉ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው። መሐሉ ባለ 10 ፌሮ ይሁን፣ ላዩ ግማሽ ሚሊ ሜትር ላሜራ ይልበስ፣ ከዚያ ለልጅ ልጅ ይተርፋል ባይ ነው።

4ኛዋ መላሽ አዲስ አበባ ላይ በተመሳሳይ ዝግጅት በር ላይ ቆማ ዕቃ የፈተሸች ልጅ ናት። በያጁን አመስግና፣ ብረት ግን በር እንደማያልፍ በትሕትና ነገረችው። በሌላው አገር ያሉ ትልልቅ ኮንቬንሽኖችም ብረት ስለት፣ ሹል ጫፍ ወይም የሚተኩስ ነገር አያስገቡም። የተፈቀደውን አይተው ጥብጣብ ወይም የፕላስቲክ ማሰሪያ ያስሩበታል፤ ማሰሪያ ያለው ዕቃ ታይቶ አልፏል ማለት ነው። ደግሞም አዳራሹ ይጨናነቃል፣ ሕፃናትም ይመጣሉ። ባለ ሰይፉ ዞር ሲል ጫፉ የሰው ፊት ሊነካ ይችላልና ላዩ ለስላሳ መሆን አለበት አለች። 5ኛው ላይ በያጁ ተመለሰ፤ ቅር ብሎታል። ጠንካራ ነገር ተጠይቆ ጠንካራ ነገር በመናገሩ ምን እንዳጠፋ ጠየቀ። አልፈርድበትም።

6ኛው ፖሊ፣ ማለትም ፖሊ ቴክኒክ፣ የሚማር ነው። ካልኩሌተሩን ይዞ ነው የመጣው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር ወደ 4 ኪሎ ይመዝናል። የሰይፉ ሁለት ፊት ሲደመር 1.2 ካሬ ሜትር ይሆናል። ባለ 10 ፌሮ በሜትር 0.6 ኪሎ ገደማ አለው። ሁሉም ሲደመር ወደ 6 ኪሎ ነው። ኮምፔንሳቶው በሁለቱም ፊት ቢለብስ ወደ 3 ኪሎ ይመጣል። ስድስት ኪሎ ጤፍ በፌስታል መያዝ ማንም ይችላል። ይሄ ግን ክብደቱ ከእጅ የራቀ ነው። ጫፉ ላይ ያለው መቶ ግራም እጀታው አጠገብ ካለው መቶ ግራም በጣም በልጦ እጅን ይጠመዝዛል። ስለዚህ ሰይፉ ውስጡ ባዶ ይሁን፣ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሂድ አለ። እስከዚህ ድረስ ልጁ ግሩም ነበር። በኋላ አበላሸው።

ከ7 እስከ 11 ያለው የአገር ቤት ዕቃ ክርክር ነው። ለእኔ የክሩ ጣዕም እዚህ ነው። 7ኛው ከወደ እንጅባራ ነው፤ ቀርከሃን አነሳ። ውስጡ ክፍት ነው፣ ቀላል ነው፣ በየአንጓው ደግሞ ውስጡን የሚዘጋ ግድግዳ ስላለው በቀላሉ አይጨፈለቅም። 8ኛው የሐይቁ ዳር ልጅ ነው። ጣና ዳር ተቀምጦ ደንገልን፣ ያን ታንኳ የሚሠራበትን የሐይቅ ዳር ተክል፣ የሚረሳ ሰው ገርሞታል። ታንኳ ከዘጌ እንጨት ተሸክሞ ሲመጣ ያየ ሰው በደንገል ጥንካሬ አይጠራጠርም ብሎ ደመደመ።

9ኛዋ አረመችው። በደንብ የምታውቀው ነገር ስለሆነ አጻጻፏ አይቸኩልም። የደንገል ዘንግ ሲቆረጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። ላዩ ስስና አረንጓዴ ነው። ውስጡ ነጭ ሆኖ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ፣ አየር የሞላው ነገር ነው። የሚያንሳፍፈው እሱ ነው። ታንኳውን ጠንካራ ያደረገው ግን ብዙ ዘንግ ተጠጋግቶ መታሰሩ ነው፤ ጭነቱንም ውሃው ከሥር ይደግፍለታል። አንዱን ጫፍ ጨብጠው ሌላውን አየር ላይ ቢዘረጉት የጨበጡበት ቦታ ላይ ጭፍልቅ ይላል። ታንኳውም ቢሆን ውሃ ስለሚጠጣ ባለቤቱ ዳር አውጥቶ አቁሞ ያደርቀዋል። 8ኛው ይሄን እንደ ስድብ ቆጠረው። በ10ኛው ምላሽ ታንኳ ላይ ወጥታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። 11ኛው ላይ የተወለደችበትን የሐይቅ ዳር ሰፈር ጠቅሳ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ስለ ደንገል አልተናገረም።

12ኛው ነው ኢቫ ፎምን ያነሳው። ሰምታችሁት የማታውቁ ከሆነ፣ እግራችሁ ሥር ያለው ነጠላ ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ የተሠራ ነው። ለልጆች መጫወቻ ወለል ላይ እየተገጣጠመ የሚነጠፈው ባለቀለም ምንጣፍም እሱ ነው። ቀላል ነው፣ ለሰው ፊት አያሰጋም፣ በከተር ይቆረጣል፣ ሲሞቅ ይለሰልስና የሰጡትን ቅርጽ ይዞ ይበርዳል። 13ኛዋ የከተሩ ምላጭ ቶሎ ቶሎ መቀየር እንዳለበት አስታወሰች። የደነዘዘ ምላጭ ፎሙን ይቦጫጭቀዋል።

14ኛው ምላሽ ከአንድ ጫማ ሰፊ ነው። ስልኩ የልጃቸው መሆኑን ተናግረው ጀመሩ። ከመምከራቸው በፊት ካርቶኑ እጥፍ ያለው ስለቱና እጀታው የሚገናኙበት ጋ መሆኑን አረጋግጠው ጠየቁ። ልጁም በ15ኛው አዎ ብሎ መለሰላቸው። በ16ኛው ረዘም አድርገው ጻፉ። ጫማም የሚሰበረው ጣት የሚታጠፍበት ጋ ነው፤ ሶሉ የፈለገውን ያህል ቢወፍር እዚያ ቦታ ላይ ካልታሰበበት ዋጋ የለውም። ለሰይፉም እጀታውን ለብቻ ሠርቶ ስለቱ ላይ መለጠፍ አይሆንም። ከእጀታው ግርጌ ጀምሮ ስለቱ ውስጥ ድረስ ዘልቆ የሚገባ አንድ የፒቪሲ ቱቦ ያስፈልጋል። ፎሙ በሁለት ድርብ ይለበጣል፤ የላይኛው ድርብ መጋጠሚያ ከታችኛው መጋጠሚያ ጋር አንድ መስመር ላይ እንዳይውል፣ ጡብ እንደሚደረደረው።

ስለ ማስቲሽ አቀባብ የጻፉትን እኔ ኮፒ አድርጌ አስቀምጫለሁ። የሚጣበቀው ፊት በብርጭቆ ወረቀት ሻከር ይደረጋል። ማስቲሹ በሁለቱም ፊት ላይ በስሱ ይቀባል። ከዚያ መታገሥ ነው። በጣት ሲነኩት ክር እየሳበ የሚከተል ከሆነ ገና ነው። ጣት ላይ የማይቀር ሲሆን ይገጠማል። አንዴ ከተገጠመ ማስተካከል ስለሌለ በእርሳስ መስመር አስምሮ መጀመር ነው። መጨረሻ ላይ በመዶሻ ቀስ አድርጎ መኮትኮት። ሰው ማስቲሽ አይዝም የሚለው ባለመታገሡ እንደሆነ ጨመሩ። ርጥብ ላይ ከተገጠመ ውስጡ የቀረው ፈሳሽ መውጫ ያጣና መጋጠሚያው ይንሸራተታል።

17ኛው ደግሞ ማስቲሽ ለምን፣ በሽጉጥ የሚቀባው ትኩስ ሙጫ አይቀልም ወይ አለ። ይቀላል። ግን ባህር ዳር ፀሐይ ላይ ጥቁር የተቀባ ሰይፍ ይዞ ሁለት ሰዓት የቆመ ሰው ሙጫው ሲለሰልስ ያየዋል። በ18ኛው የበር ፈታሿ ነግራዋለች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የመረረው። 19ኛዋ፣ ሳትደብቅ፣ እሷና ጓደኞቿ ሳሎን ውስጥ ቡና እየተፈላ በማስቲሽ ሲሠሩ እንዳመሹ፣ ራስ ምታት እንደለቀቀባቸው፣ ሲያልቅ ግን በጣም ማማሩን ጻፈች። 20፣ 21 እና 22 ተከታትለው ወረዱባት። የማስቲሽ እንፋሎት እሳት ይይዛል። የተለኮሰ ከሰል ባለበት ዝግ ክፍል ውስጥ ክዳኑን ከፍቶ መቀመጥ እብደት ነው። ራስ ምታቱም ቶሉዊን የመሰለው ማሟሟቻ የሚያመጣው ነው። ደጅ ወይም በረንዳ ላይ፣ ከእሳት ርቆ ነው የሚሠራው። 22ኛው ግን ከመጠን አለፈ። ስለ አስተዳደጓ ሁሉ ተናገረ። ሁለት ሰው ተቆጣው፤ ትክክል ነበሩ። መልእክቱ እውነት ቢሆንም እንዲህ ሲባል ማን ይሰማዋል?

23ኛው በዚህ መሐል ጨዋታ ሊቀይር ፈልጎ ይመስለኛል፣ ትልቁን ጣሳ ማስቲሽ ሊገዛ ሲሄድ ባለ ሱቁ ከላይ እስከ ታች እንዳየው፣ ለምን እንደሚፈልገውም ሦስቴ እንደጠየቀው አወራ። ጎዳና ላይ የሚያድሩ ልጆች በላስቲክ ይዘውት የሚስቡት እሱ ስለሆነ ነው። ባለ ሱቁን አመሰገነው። እኔም።

ወደ ባጃጁ ጉዳይ የመለሰን 24ኛው ነው፤ ራሱ ባጃጅ ይነዳል። ሁለት ሜትር ዕቃ ከጎን አሾልኮ መሄድ እግረኛ መምታት ነው፣ እኔ አልጭንም አለ። መንገደኛው ታጣፊ ያድርገው ወይ በእግሩ ይሂድ። በእግር ለሚሄድ ደግሞ ሌላ ምክር አለው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ነገር እንደ ሸራ ይይዘዋልና ስለቱን በጎኑ አድርጎ መያዝ ነው።

የፖሊው ልጅ 25ኛው ላይ ለዚህ መልስ ይዞ መጣ። መልሱ ጥሩ ነው። ሰይፉ ለሁለት ይከፈል፤ የሚከፈለው ግን እጀታው ጋ ሳይሆን ስለቱ መሐል ላይ። ከእጅ ጀምሮ ወደ ጫፍ እኩል ክብደት ላለው ዘንግ፣ መሐሉ ላይ ያለው የመታጠፍ ጫና ሥሩ ላይ ካለው ሩብ ብቻ ነው። ታችኛው ግማሽ ባለ 32 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይሁን። የላይኛው ግማሽ ባለ 25 ቱቦ ሆኖ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ውስጡ ይግባ። ክፍተቱ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ጥቅልል ይሙላና በአንድ ብሎን ይታሠር። ለምን ወፍራም ቱቦ ለሚለው ደግሞ፣ የግድግዳው ውፍረት ሳይቀየር የቱቦው ስፋት እጥፍ ቢሆን ክብደቱ እጥፍ፣ ግትርነቱ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ይህን ካለ በኋላ ዝም ቢል ኖሮ! ወደ ጫማ ሰፊው ዞሮ አንተ እያለ፣ ቱቦው ሳይቋረጥ ይግባ ማለትህ ስሌት ስለማታውቅ ነው የሚል ነገር ጻፈ።

26ኛዋ በአንድ መስመር ጋሼን አንተ የሚል ፖሊ ምን አስተማረው አለች። 27ኛው የእሳቸውን ምላሽ ደግሞ እንዲያነብ ነገረው፤ እሳቸው የከለከሉት እጀታው ጋ መቋረጥን ነው። እውነትም አልተጣሉም፤ ሁለቱ የሚሉት አንድ ነገር ነው። በ28ኛው ልጁ ጋሼ ይቅርታ ብሎ ጻፈ። እሳቸው ምንም አላሉም፤ በማግስቱ ግን የብሎኑ ራስ ከፎሙ በታች ሰርጎ እንዲቀመጥና በክዳን እንዲሸፈን የሚል ምክር ጣል አድርገው ሄዱ። 29ኛው እሱ ነው።

ስለ ቀለም የተባለው ጥቂት ቢሆንም ጠቃሚ ነው። 30ኛው የፍሪጅ ማሸጊያ ነጭ ፎም ቀርጾ፣ ስፕሬይ ሲነፋበት እንደ በረዶ ቀልጦ ዓይኑ እያየ ጉድጓድ በጉድጓድ እንደሆነበት አወራ። እሱ ፖሊስታይሪን ነው፤ ስፕሬዩም ማስቲሹም ይበሉታል። ኢቫው ይችለዋል። ቢሆንም ዝም ብሎ ቢቀባ ቀለሙን ይጠጣል፣ ሲታጠፍም ይሰነጣጠቃል። ላዩን መጀመሪያ በሙቅ አየር መዳበስ ያስፈልጋል። ያኔ የላዩ ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፣ ትንሽም ያብለጨልጫል። ከዚያ የእንጨት ኮላ በውሃ ቀጥኖ ሦስት አራት ጊዜ እየደረቀ ይቀባል፤ ቀለሙ በመጨረሻ ይመጣል። ሙቅ አየር ከየት ይምጣ ላለ፣ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ያለው ማሽን አለ ተባለ። አፉ ጠባብና ሙቀቱ ኃይለኛ ስለሆነ ግን አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ያሳርራል።

31ኛው በዚህ ሁሉ መሐል ገብቶ በዚሁ ዘዴ ክላሽ ቢሠራስ ብሎ ጠየቀ። ከክሩ ሁሉ በጣም ስለታም የሆነው ምላሽ የመጣው እዚህ ላይ ነው፤ 32ኛው፣ ከበር ፈታሿ። በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ከተማ፣ ጥቁር የተቀባ መሣሪያ የሚመስል ነገር ይዞ መንገድ ላይ የሚወጣ ሰው ሌላውንም ይዞ ይጠፋል አለችው። ፍተሻ ላይ የቆመ ሰው ጌምህን አያውቅልህም። ሰይፉም ቢሆን በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ለሁለት ተፈትቶ፣ ከልብሱ ጋር በአንድ ሻንጣ ይሂድ። አዳራሹ ውስጥ ይገጠም። ከዚህ በኋላ ስለ ክላሽ የጻፈ የለም።

33ኛው ይህ ሁሉ የፈረንጅና የጃፓን ነገር ነው፣ የራሳችን ጋሻና ጦር እያለ ብሎ ተነሳ። 34ኛው የመለሰለት የተማረ ሰው ይመስላል። መነሻው ጃፓን ብቻ አይደለም፤ በ1939 ኒውዮርክ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም የሳይንስ ልቦለድ ጉባኤ ላይ ፎረስት አከርማን የወደፊት ዘመን ልብስ ለብሶ ታይቷል፤ ልብሱን የሠራችውም አብራው የለበሰችው መርትል ዳግላስ ናት። ስለ ጋሻው ደግሞ ማን ከለከለህ አለው። የጥንቱ ጋሻ የጎሽና የጉማሬ ቆዳ ነበር። ዛሬ ፎሙን አሙቀህ ሰታቴ ቂጥ ላይ ብትጭነው ጉልላቱ ራሱ ይወጣልሃል፤ ጌጡን በጨርቅና በወርቃማ ቀለም ትጨርሰዋለህ። እኔ ይሄ ጋሻ ቢሠራ ለማየት እጓጓለሁ። 35ኛው ግን ከጉማሬ ተነስቶ ወደ ጣና ደኅንነት፣ ከዚያ ወደ እምቦጭ፣ ከዚያ በደረቀ እምቦጭ ሰይፍ ይሸመን ወደሚል ሐሳብ ገባ። ማንም አልተከተለውም። አረሙ ሐይቁ ላይ ከታየ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንት ሐሳብ እንደቀረበበት ያየ ሰው ዝም ማለቱ አይገርምም።

ጠያቂው ዝርዝሩን ይዞ የተመለሰው ከዚህ በኋላ ነው፤ ምላሹ ቁጥር ስላልተሰጠው ከመጀመሪያው ጽሑፍ ሥር ነው የሚገኘው። ቱቦው 32 እና 25። ፎሙ ባለ 10 ሚሊ ሜትር፣ በሁለት ድርብ፣ ጫፉ ላይ ግን በአንድ ድርብ ብቻ። በረንዳ ላይ ይሠራል። ሙጫው ማስቲሽ ነው። እጀታው ላይ ቆዳ ሊያስጠቀልል ወደ ጫማ ሰፊው ሱቅ ሊሄድ አስቧል። ብሎኑን ግን ትቶ ቱቦውን በፕላስተር ብቻ ሊያጣብቀው ነው፤ ብሎን ቁመናውን ያበላሽብኛል ብሏል። በዚህ አልስማማም። ሰው ሲቀባበለው የላይኛው ግማሽ ዞሮ ይወጣል፤ ያኔ ቁመናውም ይበላሻል።

36ኛው በያጁ ነው። ላሜራውን አላነሳም። ብሎኑን እንዳይተው፣ ባለ 6 በቂ መሆኑን፣ በመወዛወዝ እንዳይላላ ሁለት ዳዶ ደርቦ እንዲያስር፣ ቱቦዎቹን ይዞ ከመጣ ደግሞ በነፃ እንደሚበሳለት ጽፎ አድራሻውን በውስጥ መስመር ላከለት።